ቀኑ ያለፈበት መጽሐፍ

መጽሐፉ ከቤቴ የገባ ማክሰኞ ነው፣
ልጄ ከዝናብ ካፖርቷ ሥር ሸሽጋ ያመጣችው።
ሽፋኑ ሰማያዊ፣ መሰላል የተሳለበት፣
የክላክስቪክ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም ያረፈበት።
እኔ ዓሣ እየከተፍኩ፣ እጄ በቅርፊት ተለብጦ፣
«ምንድን ነው?» አልኳት። «ተረት» አለች፣ ዓይኗ ወደ ወደቡ አፍጦ።

ሐሙስ ከጸሎት በኋላ፣ ካፖርት ስንደራርብ፣
ሱሳና ክንዴን ያዘችኝ፣ ፊቷን አድርጋ ቀረብ፦
«የአንቺም ልጅ ወስዳዋለች አሉ ያንን መጽሐፍ፤
ልጆች ወደ ሰማይ ወጥተው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ
መብራቱን እፍ ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደቀረ
አላውቅም፤ አላነበብኩም፤ ልቤ ግን ተሸበረ።
እሳት ነው ማርዩን፣ ምድጃሽ ይብላው።»
ራሴን ነቀነቅሁ። ሳላውቀው ግን እንዴት ላቃጥለው?

ባሌ ትሮንዱር ከባሕር፣ ከአይስላንድ ወዲያ ደውሎ
«ተረት አይደል እንዴ?» አለኝ፣ ድምፁ በሞተር ተከልሎ።
«እኛስ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ግራጫ ሰዎች አልፈራንም?»
«ግራጫዎቹ» አልኩት «ከሰማይ ማንም የለም አላሉንም።»
መስመሩ ተቋረጠ።

በሰኔ በፋሮ ደሴቶች አይጨልምም፤ እኩለ ሌሊትም አልፎ
የጎረቤት በግ ይቆጠራል፣ ከገደሉ ሥር ተሰልፎ።
ቢላ ስትተኛ መጽሐፉን ከትራሷ ሥር ሳብኩ፤
ወረቀት በጣጥሼ፣ ክፉ ክፉውን ላመለክት ቀረብኩ።
እስከ ሃምሳኛው ገጽ ድረስ ዐሥራ አንድ ቁራጭ ሰካሁ፤
ከዚያ ወዲያ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መሰካቱን ረሳሁ።
አንዲት ልጅ ነበረች፣ እናቷ የሞተችባት፣
ወይፈን የሚያህል አንካሳ፣ ክንፋም አውሬ ያሳደጋት፤
ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ አውሬው በበረዶ ሲሞት
ሽርጤን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ፣ እንደ ሞኝ ሴት።

ይኼው ነው ያበገነኝ። ጥሬ ውሸት ቢሆን ኖሮ
እንደ ዋለ ዓሣ ሽታው በነገረኝ ነበር፣ ቀድሞ ከጓሮ።
ይህ ሰው ግን ሐዘን ያውቃል፤ የወላጅ አልባን ብርድ ያውቃል፤
እጅ ይዞ፣ አባብሎ፣ ደረጃ በደረጃ ያስወጣል፤
ከላይ ሲደርስ ይለቃል።

ከላይ፣ ከመሰላሉ ጫፍ፣ ልጆቹ ያገኙት ወንበር ነው።
ትልቅ፣ ያረጀ፣ ባዶ፤ መደገፊያውን ጀርባ ያሳሳው።
ይስቃሉ። መብራቱን እፍ ይላሉ። ታሪኩ አበቃ።
እኔም መጽሐፉን ዘጋሁ፤ መስኮቴ ግን ያው ነው፣ ብርሃኑ እንደነቃ።
ልጸልይ ብዬ ተንበረከክሁ፤ ቃል ግን አልመጣልኝም፤
የሥጋ ማድረቂያው ጎጆ ጣውላ በነፋስ ሲያፏጭ ሰማሁ። እሱም አልረዳኝም።

ጠዋት ቢላ ከገንፎዋ ቀና ብላ ወረቀቶቹን አየች፣
ከመጽሐፉ ጎን እንደ ላባ የወጡትን።
«ጨረስሽው?»
«ጨረስኩ።»
«ወንበሩ ጋ ደረስሽ?»
«ደረስኩ። ባዶ ነው ይላል። አንቺስ ምን ተሰማሽ?»
ማንኪያዋን ላሰች፣ ትከሻዋን ነቀነቀች፤
«ሊፈልጋቸው ወጥቶ ነዋ» አለች።
«ማ?»
«ባለ ወንበሩ። ልጆቹ ጠፍተው አልነበር፣ ወር ሙሉ?
ያኔ እኔ በጉም ስጠፋ፣ ቤታችን ባዶ አልነበር፣ ስትፈልጉኝ ሁሉ?»

ጸሐፊው ይህን አልጻፈም። ሦስቴ ገለጥኩ። አልጻፈም።

ደስ አለኝ ልበል? ፈራሁ እንጂ። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ መልስ
እንደ ክረምት ጫማዋ ጠቦ ይቀር ይሆን፣ ዐሥራ ስድስት ሳትደርስ?

በወሩ ቅዳሜ መለስነው፣ ቀኑ ሁለት ቀን አልፎበት፤
ቁራጮቼን ነቃቅዬ፣ አንዷን ግን ትቼ፣ አውሬው በሞተበት።
ቅጣቱን ከፈልኩ። ራግንሂልድ ከመደርደሪያው ጀርባ
«ሁለተኛው ክፍል መጥቷል» አለች።
ቢላ እጇን ዘረጋች። ቀደምኳት።
«መጀመሪያ እኔ» አልኳት።

ስንወጣ ሱሳና ከመንገዱ ማዶ ቆማ ነበር።
እጄን አነሣሁላት፣ መጽሐፉን እንደያዘ።
ከካፖርቴ ሥር አልሸሸግሁትም።